ግሬዲየንት ምንድን ነው? ባቡሩስ ለምን ደሴ አልወጣም?

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «ከአዋሽ ሐራ ገበያ የሚሄደው ሀዲድ በኮምቦልቻ ያለፈው ደሴን ለመጉዳት ነው፣ ግሬዲየንት ምናምን ሰበብ ነው፣ አይሱዙ በየቀኑ ከኮምቦልቻ ደሴ የሐረጎን ዳገት ይወጣ የለ?» ብሎ ጻፈ። በቃ፣ ልጻፈው።

ግሬዲየንት ማለት የዳገቱ ልክ ነው፤ ሀዲዱ በ1,000 ሜትር ውስጥ 20 ሜትር ከፍ ካለ ግሬዲየንቱ 2 በመቶ ነው። አይሱዙው ከቁም ነገርም አይቆጥረው። ለከባድ የጭነት ባቡር ግን አቀበት ነው። ጎማው ብረት፣ ሀዲዱም ብረት። ሜዳ ላይ በትንሽ ጉልበት ብዙ ቶን የሚጎትተው በዚሁ ልስላሴ ነው፤ ዳገት ላይ የሚያንሸራትተውም ይኸው ነው። ዝናብ ሲጨመርበት እንዳያንሸራትት ከጎማው ሥር አሸዋ ይረጫል፣ ቀልድ አይደለም።

የባቲን ሰኞ ገበያ የሚያውቅ ሰው ይሄ አይጠፋውም። ግመል ከአፋር ብዙ ጭኖ ይመጣል፣ የደጋ ጭቃና ገደል ላይ ግን እግሩ ይከዳዋል። ከዚያ ወዲያ በቅሎና አህያ ይረከባሉ። ባቡሩ ግመል፣ አይሱዙው በቅሎ፣ ኮምቦልቻ ባቲ። ግመሉን «በቅሎዋ ከወጣች አንተስ?» አይሉትም።

እስቲ እናስላው። ከአዋሽ ኮምቦልቻ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 900 ሜትር ያህሉ ከፍታ በዚያ ሁሉ ርቀት ይበተናል። ከኮምቦልቻ ደሴ ግን 650 ሜትር ገደማ አለ። በ2 በመቶ ቢወጣ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ሀዲድ ይፈልጋል። አስፋልቱ የሚያጥረው በሐረጎ ጥምዝምዝ ስለሚወጣ ነው፣ ባቡር ደግሞ እዚያ አይታጠፍም፤ ሬዲየሱ በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ኩርባ ይሻል፣ ኩርባው ራሱ ጉልበት ስለሚበላም እዚያ ላይ የሚፈቀደው ግሬዲየንት ይቀነሳል (ማንም አልጠየቀኝም፣ አውቃለሁ)።

«ጣሊያን አስመራ ድረስ አውጥቶት የለ?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ አውጥቷል። ግን ከምጽዋ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ፣ 95 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ሀዲድ፣ በትንንሽ ባቡር። የኛው 143.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የታሰበለትም ከባድ ጭነት ነው።

ደግሞ ሁሉም ስለ መውጣቱ ያወራል። እኛን የባቡር ሰዎችን እንቅልፍ የሚነሳን መውረዱ ነው፤ ሺህ ቶን ቁልቁል ሲገፋ ፍሬኑ ይግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይታመንም።

ወልድያዎችም «ጣቢያው ለምን ሐራ ገበያ ሆነ?» ትላላችሁ። መጀመሪያ የሁለቱን ከፍታ አስተያዩ፣ ከዚያ እንከራከራለን።