ቀብድ ምንድን ነው? ባሕር ዳር ላይ የመጀመሪያ ቤቱን ለሚገዛ

ሽምብጥ ወይም አባይ ማዶ አንድ ቤት ታይቶ ዋጋው ከተነገረ ብዙም ሳይቆይ ደላላው «ሌላ ሰው ሳይቀድም ቀብድ ይያዝ» ይላል። ገዢ ኪሱን ይዳብሳል፣ ሻጭ ወረቀት ይፈልጋል፣ ከደብተር ላይ አንድ ቅጠል ተቀዶ ይፈረማል። በዚያች ቅጠል ላይ ግን ሁለቱ የተስማሙት በአንድ ነገር ላይ አይደለም። ገዢው ቤቱን ያስያዘ፣ ሐሳቡን ከቀየረም ገንዘቡን መልሶ የሚወስድ ይመስለዋል። ሻጩ ደግሞ «ብር ተቀበልኩ እንጂ ቤቴን ገና አልሸጥኩም» ብሎ ያምናል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ የሚናገረው በሦስት አጫጭር አንቀጾች ነው፤ ከ1883 እስከ 1885። የመጀመሪያው ቀብድ መሰጠቱ ውል መደረጉን ያስረዳል ይላል። ሁለተኛው ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ከዋጋው ላይ እንዲታሰብ ወይም እንዲመለስ ያዛል። ጠብ የሚነሳው በሦስተኛው ነው፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን የሰጠውን ትቶ ከውሉ መውጣት ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለውም የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ መልሶ መውጣት ይችላል። ስለዚህ ቀብድ ውሉን ያስራል፣ ውሉን ለመፍታት ስንት እንደሚያስከፍልም አብሮ ይወስናል። ጀማሪ ገዢ የሚዘነጋው ይህን ሁለተኛውን ነው።

በቁጥር እንየው። ቤቱ 6,000,000 ብር ተስማሙ፣ ቀብዱ 100,000 ብር ሆነ እንበል። በሳምንቱ ሌላ ሰው 6,500,000 ብር ይዞ መጣ። ሻጩ ለመጀመሪያው ገዢ 200,000 ብር ይመልሳል፤ ከዚህ ውስጥ ከራሱ ኪስ የወጣው 100,000 ብቻ ነው። ከአዲሱ ገዢ የሚያገኘው ጭማሪ 500,000 ስለሆነ፣ ውሉን አፍርሶም 400,000 ብር ያተርፋል። እንዲህ ያለውን ሻጭ «ቃሉን በላ» ማለት ይቻላል፤ ሕጉ ግን የፈቀደለትን ነው ያደረገው። ዋጋ በየወሩ በሚንቀሳቀስበት ሰፈር ትንሽ ቀብድ የሚጠቅመው ሻጩን ነው። ቀብዱ 500,000 ቢሆን ኖሮ ግን ሻጩ ለመውጣት የሚከፍለው ከሚያገኘው ጭማሪ ጋር እኩል ስለሚሆን ትርፉ ዜሮ ነበር፣ ባለበት ይረጋ ነበር። በሌላ በኩል ገዢው ብሩ ካልሞላለት ይህ ሁሉ ገንዘብ ይበላበታል። እቁብ ይወጣልኛል ብሎ፣ ወይም ባንክ ያበድረኛል ብሎ ትልቅ ቀብድ የሚያስይዝ ሰው ይህን ሒሳብ ቀድሞ ይሥራ።

ቀብድ ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር ይምታታል። አንደኛው ቅድሚያ ክፍያ ነው። ቅድሚያ ክፍያ የዋጋው ከፊል ነው፤ በራሱ የመውጣት መብት አይሰጥም። ወረቀቱ ላይ «በቅድሚያ ተቀብያለሁ» የሚል ከተጻፈና «ቀብድ» የሚል ቃል ከሌለ፣ ኋላ እጥፍ ለመጠየቅ ክርክሩ ይከብዳል። ሁለተኛው ገደብ ነው፤ በየውሉ መጨረሻ «ውሉን ያፈረሰ ወገን ለውል አክባሪው ይህን ያህል ብር ይከፍላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር። ገደብ ከቀብድ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ በሕጉ አንቀጽ 1890 መሠረት ገደብ ቢኖርም ባለመብቱ «ገደቡን አልፈልግም፣ ውሉ ይፈጸምልኝ» ማለት ይችላል። በቀብድ የታሰረ ሻጭ እጥፉን ቆጥሮ ይሄዳል፤ በገደብ የታሰረ ግን ገደቡን ስለከፈለ ብቻ አያመልጥም። ቤቱን ራሱን የሚፈልግ ገዢ፣ ሻጩ በቀብድ እንዳይወጣ ከፈለገ «ሁለቱም ወገኖች ቀብድን በመተው ወይም እጥፍ በመመለስ ከውሉ መውጣት አይችሉም» ብሎ ማጻፍ ይችላል። አንቀጽ 1885 «ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር» የሚለው ለዚህ ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር ግን ገዢውንም እንደሚያስር አይርሱ።

አሁን ወደ ደብተሯ ቅጠል እንመለስ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ዋጋ የለውም፤ አንቀጽ 2877 ነው። አንቀጽ 1723 ደግሞ ውሉ በፍርድ ቤት ወይም ሰነድ በሚያረጋግጥ አካል ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል፣ 1727 ሁለት ምስክሮች እንዲፈርሙ ያዛል። ሕጉ ያዘዘው ፎርም ያልተሟላለት ውል በ1720 መሠረት ረቂቅ ነው። ረቂቅ ላይ የተንጠለጠለ ቀብድ ደግሞ ምን ያህል እንደሚጸና መገመት አያስቸግርም፦ ሻጩ «ውል የለንም» ብሎ ከተከራከረ ገዢው የከፈለውን ብር ለማስመለስ ይሟገታል እንጂ እጥፉን አገኛለሁ ብሎ መተማመን አይችልም። ስለዚህ የደብተሯ ቅጠል ለጥቂት ቀን መሸጋገሪያ ናት። ቀብዱ ትልቅ ከሆነ ቀብዱና የሽያጩ ውል በአንድ ቀን፣ በሚረጋገጥ ሰነድ ላይ ቢሆኑ ይሻላል። ካልሆነም መሸጋገሪያዋ እንዲህ ብትጻፍ ብዙ ጠብ ታስቀራለች፦

«በባሕር ዳር ከተማ፣ በ… ክፍለ ከተማ የሚገኘውን፣ የካርታ ቁጥሩ … የሆነውን፣ ስፋቱ … ካሬ ሜትር ይዞታ ላይ ያለውን ቤቴን በብር 6,000,000 (ስድስት ሚሊዮን) ለመሸጥ ተስማምቼ፣ ከዚህ ውስጥ ብር 300,000 (ሦስት መቶ ሺህ) በቀብድ ዛሬ በባንክ ሒሳቤ ገቢ ተደርጎልኛል። ቀሪውን ውሉ በሚረጋገጥበት ዕለት እቀበላለሁ፤ ይህም ከዛሬ ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ይሆናል። ንብረቱ ዕዳ ወይም ዕገዳ ያለበት ሆኖ ከተገኘ፣ ወይም የባለቤቴ ስምምነት ካልተገኘ፣ ቀብዱን በሙሉ እመልሳለሁ።»

እያንዳንዱ ሐረግ ሥራ አለው። የካርታ ቁጥር የሌለው ወረቀት ሻጩ ሁለት ቤት ካለው የትኛውን እንደሸጠ አይናገርም። ብሩ በአኃዝና በፊደል የሚጻፈው ዜሮ እንዳይጨመር ነው። «በቀብድ» የሚለው ቃል በስሙ ይጠራ። ቀኑ ካልተወሰነ ሻጩ «ገና ነው» እያለ ወራት ይገፋል፣ የገዢው ብር ደግሞ ተቀምጦ ይረክሳል። በባንክ ብድር የሚገዛ ሰው 30 ቀኑን ያራዝም፣ «ብድሩ ካልተፈቀደ ቀብዱ ይመለሳል» የምትል መስመርም ያስገባ፤ የባንክ ገማች ከሻጩ ዋጋ ዝቅ አድርጎ የሚገምትበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ልዩነቱን የሚሞላው ገዢው ነው። የስም ማዛወሪያውን፣ የቴምብሩንና ሻጩ ከትርፉ ላይ የሚጠየቀውን ግብር ማን እንደሚከፍልም እዚሁ ይጻፍ። ሻጮች ዋጋ ሲናገሩ «የተጣራ» (ወጪ ሳይነካው እጄ የሚገባ) እያሉ ስለሆነ፣ ዝም ያለ ገዢ ሁሉንም ይሸከማል። ሁለት ሦስት ወንድማማቾች ወይም ጓደኛሞች ተደማምረው የሚገዙ ከሆነ የሁሉም ስም ይግባ፤ አንዱ ብቻ ከፈረመ በወረቀቱ ላይ ገዢው እሱ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ማጣራት አለ፣ ማጣራት ደግሞ ሰው ማወቅ ይፈልጋል። ለጀማሪ ትልቁ ሀብት እዚህ ላይ የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ደላላ ብቻ የሚያውቅ ሰው ደላላው የነገረውን ብቻ ያውቃል። በክፍለ ከተማው የመሬት ጉዳይ የሚሠራበት ቢሮ ካርታው በማን ስም እንደተመዘገበ፣ የባንክ መያዣ ወይም የፍርድ ቤት ዕገዳ እንዳለበት የሚያሳየው ማኅደር ያለበት ነው። ማኅደሩን ለማየት ባለቤቱ ራሱ ቢቀርብ ይቀላል፣ ስለዚህ ሻጩን ይዘው ይሂዱ። «ነገ እንሄዳለን» እያለ የሚያመላልስ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል። ቀያሽ ማወቅ ጥሩ ነው፦ ካርታው ላይ ያለው ስፋትና አጥሩ የከበበው ስፋት ሲለያይ በሜትር ለክቶ የሚያሳየው እሱ ነው። ጠበቃም ከፍርድ ቤት በር ላይ ካለው ራፖር ጸሐፊ ይለያል፤ ጸሐፊው የተነገረውን ይጽፋል፣ ጠበቃው ያልተነገረውን ይጠይቃል። ጎረቤትና የእድር ዳኛ ደግሞ ማኅደር የማይነግረውን ያውቃሉ፦ ወንድማማቾች በውርስ እየተካሰሱ እንደሆነ፣ ሻጩ ከሚስቱ ጋር ተለያይቶ እንደሆነ፣ ግቢው በክረምት ውሃ የሚተኛበት እንደሆነ። አንድ ስኒ ቡና ነው ዋጋው።

የትዳር ጉዳይ ቀብድ የሚበላበት ዋናው ቦታ ነው። የጋራ የሆነ ቤት በአንዱ ፊርማ ብቻ አይሸጥም፤ ባል ቀብድ ተቀብሎ ሚስት «አልሸጥም» ስትል ነገሩ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ስለዚህ ሁለቱም ደብተሯ ላይም ይፈርሙ፣ ያላገባ ከሆነ ማስረጃውን ያምጣ። ባለቤቱ ውጭ አገር ሆኖ ዘመድ የሚሸጥለት ከሆነ ውክልናውን ራስዎ ያንብቡት። «ጉዳዬን እንዲከታተል» የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም፤ በአንቀጽ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ውክልናው አለመሻሩንና ወካዩ በሕይወት መኖሩን ማረጋገጥም ሥራዎ ነው። በስልክ «አለ፣ ደኅና ነው» መባል ማረጋገጫ አይሆንም።

ከጣና ዳር አካባቢ የሚገዛ ሰው ሌላም ይጠብቀዋል። ሐይቁ ከፍ የሚለው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና ጥቅምት ነው፤ በግንቦትና ሰኔ ወርዶ ይታያል። በግንቦት ደርቆ ያማረ ግቢ በመስከረም ጉድጓዱ ውሃ ሊሞላ ይችላል። በአጥሩ ጥግ ደንገል ወይም ፊላ በቅሎ ከታየ ደላላው ምንም ቢል ውሃው እዚያ ድረስ ይመጣል። የዳርቻው ይዞታ በከተማው ፕላን ላይ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ ሳይታይ ቀብድ አይከፈልም፤ ካርታ ያለው ቤት ሁሉ እንዳሻው ፎቅ አይሠራበትም።

ወደ ዘንዘልማ ወይም መሸንቲ አቅጣጫ «ርካሽ ቦታ አለ» የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የገበሬ መሬት ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤትና ሕጋዊው ይዞታ የሚሰጠው መብት ነው። ሰዎች ይህን ለማለፍ ሽያጩን የብድር ወይም የስጦታ ውል አስመስለው ይጽፋሉ፣ ሌሊት የጨረቃ ቤት ይቆማል። በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ «ቀብድ» ተብሎ ቢጻፍም ባይጻፍም ለውጥ የለውም፤ የሚጠብቀው ውል የለውምና።

ስለ አከፋፈሉ ትንሽ። ቀብድ በጥሬ ብር አይሰጥ። በባንክ ይላክ፣ ምክንያቱ ላይ «ለቤት ሽያጭ ቀብድ» ይጻፍ፣ ደረሰኙ ይቀመጥ፤ የሚገባውም በሻጩ ሒሳብ እንጂ «እኔ አደርስለታለሁ» ባለው ደላላ ሒሳብ አይደለም። ደላላው ኮሚሽኑን ቀብድ በተከፈለ ዕለት ይፈልጋል፣ ልማዱ ነው፤ ውሉ ሲረጋገጥ እንደሚከፈለው ቀድሞ መነጋገር ግን ነውር የለውም፣ ሽያጩ ዳር እስኪደርስም አብሮ ይሮጣል።

ቀኑ ደርሶ ሻጩ ከጠፋ ወይም ስልክ ካላነሳ፣ ሽማግሌ መላኩ እንዳለ ሆኖ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ። በአንቀጽ 1772 ውል አልተፈጸመም ብሎ ለመክሰስ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። ወረቀቱ ላይ የውሉን ቀን፣ የቀብዱን መጠን፣ ቀሪው ብር ዝግጁ መሆኑን፣ ሻጩ በስንት ቀን ውስጥ ለማረጋገጥ መቅረብ እንዳለበት ይጻፉ፤ የደረሰበትን ቀን የሚያሳይ ፊርማ ወይም የፖስታ ደረሰኝ ይያዙ። ቀሪው ብር በዚያን ቀን በእርግጥ በሒሳብዎ ውስጥ መኖሩን የሚያሳይ የባንክ ወረቀትም ያውጡ፤ ሻጩ መጀመሪያ የሚለው «ብሩን አልሞላም» ነውና።