ዩጎዝላቪያ እና ዲናሯ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዩጎዝላቪያ መፍረስ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ብሔርና ወደ ጦርነቱ ይሮጣል። ባንኩ ይረሳል። እኔ ግን ያቺ ባለ ስድስት ሪፐብሊክ አገር እንዴት እንደተበተነች ለመረዳት ገንዘቧንም መከታተል አለብን ባይ ነኝ። በፌዴሬሽን ለምንኖር ለእኛ ነገሩ ሩቅ አይደለም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

“አገሪቱን ያፈረሳት ያ ጉደኛ የዋጋ ንረት ነው”

ቅደም ተከተሉ ተገላብጧል። ባለ 500 ቢሊዮን ዲናር ኖት የታተመው በ1993 ነው። ዋጋ በአንድ ወር ውስጥ በ313 ሚሊዮን በመቶ የዘለለው ደግሞ በጃንዋሪ 1994። ያኔ አብረው የቀሩት ሰርቢያና ሞንቴኔግሮ ብቻ ነበሩ። ጦርነቱ፣ ማዕቀቡና ያለ ልክ የታተመው ገንዘብ ተደራርበው ያመጡት መዘዝ ነው።

በ1989 መጨረሻም ዋጋ በወር ከ50 በመቶ በላይ ይጨምር ነበር። ግን ያኛው ቆሟል። ጠቅላይ ሚኒስትር አንቴ ማርኮቪች ከጃንዋሪ 1990 ጀምሮ 10,000 አሮጌ ዲናር በ1 አዲስ ዲናር ቀየሩ። ሰባቱ ዲናር በአንድ የጀርመን ማርክ እንዲመነዘርም አደረጉ። በጥቂት ወራት ውስጥ ንረቱ ረገበ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል፤ መድኃኒቱ ሠርቶ ነበር።

“ማዕከላዊ ባንክ ስለነበር ገንዘቡ በፌዴራል መንግሥቱ እጅ ነበር”

ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለኛል። ቤልግሬድ ካለው የዩጎዝላቪያ ብሔራዊ ባንክ ሌላ ስድስቱ ሪፐብሊኮችና ሁለቱ ራስ ገዝ ክልሎች የየራሳቸው ብሔራዊ ባንክ ነበራቸው። የአንዱ ሪፐብሊክ ፋብሪካ ሲከስር በአካባቢው ባንክ ብድር ይደጎማል። ብድሩ አዲስ ገንዘብ ይሆናል። የዋጋ ጭማሪውን ግን ሁሉም ይከፍላል። ጥቅሙ ለአንድ፣ ዕዳው ለሁሉ።

ማርኮቪች ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ሲታገሉ በ1990 በየሪፐብሊኩ ምርጫ ተካሄደ። የፌዴራል ምርጫ ግን አልተካሄደም። ስለዚህ ድምፅ የሚፈልጉት ፖለቲከኞች ሁሉ የየሪፐብሊኩ ነበሩ። የደመወዝና የጡረታ ጥያቄ የሚቀርበውም ለእነሱ ነበር።

ከዚያ ዲሴምበር 28 ቀን 1990 መጣ። የሰርቢያ ፓርላማ በምስጢር ወሰነ፤ የሰርቢያ ብሔራዊ ባንክ ከ18 ቢሊዮን ዲናር በላይ ያለ ፌዴራል ፈቃድ ሰጠ። በጊዜው ምንዛሪ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። እቁብ የገባ ሰው ይገባዋል፤ አንዱ አባል በስውር ሳጥኑን ከፍቶ ሳይደርሰው እጣውን እንደመብላት ነው። በጃንዋሪ ነገሩ ሲታወቅ፣ የማርኮቪች ጥረት የቆመበት መተማመን ተናደ።

“ስሎቬኒያ የተገነጠለችው በዚህ ምክንያት ነው”

የስሎቬኒያ ሕዝበ ውሳኔ የተካሄደው ዲሴምበር 23 ነው። ከምስጢራዊው ውሳኔ አምስት ቀን ቀድሞ። ገንዘቡ ውሳኔውን አልወለደውም፤ የመመለሻውን በር ግን ዘጋው። ስሎቬኒያና ክሮኤሺያም ቢሆኑ ለፌዴራሉ የሚገባውን ገቢ መያዝ ጀምረው ነበር። ጥፋቱን በአንዷ ላይ ብቻ መጫን እውነት አይሆንም።

“ገንዘብ ከተለያየ ጦርነት አይቀርም”

ቼኮዝሎቫኪያ በጃንዋሪ 1993 ስትከፈል ለጊዜው በአንድ ኮሩና ለመቀጠል ተስማምተው ነበር። አምስት ሳምንት ያህል ብቻ ቆየ። የስሎቫኪያው ገንዘብ ይወድቃል ብሎ የሰጋ ሁሉ ገንዘቡን ወደ ቼክ ባንኮች አሸሸ። በፌብሩዋሪ 8 ተለያዩ፤ በነባሮቹ ኖቶች ላይ ቴምብር ለጥፈው። አንድ ጥይት አልተተኮሰም።

የእኛ አካባቢ ትዝታ ሌላ ነው። ኤርትራ እስከ 1997 በብር ስትገበያይ ቆየች። ናቅፋ ወጣ፣ ንግዱ በውጭ ምንዛሪ ይሁን ተባለ፣ በሜይ 1998 ጦርነት ፈነዳ። ናቅፋ ብቻውን ጦርነቱን አመጣ ማለት ግን አይቻልም፤ የድንበሩም ጥያቄ ነበር።

“መጀመሪያ ነፃነት፣ ከዚያ ገንዘብ”

ሞንቴኔግሮን ተመልከቱ። ከሰርቢያ ጋር በአንድ አገር እያለች በ1999 የጀርመን ማርክን መገበያያ አደረገች። በ2002 ወደ ዩሮ ተሻገረች። በ2006 በሕዝበ ውሳኔ ነፃ ስትወጣ ሕዝቡ ከዲናር ጋር ከተለያየ ዓመታት አልፈውት ነበር።