ቻርተር ትምህርት ቤትን ማን ይቆጣጠረዋል?

በዋሽንግተን ዲሲ ልጆች የሚያሳድጉ ወላጆች ቻርተር ትምህርት ቤትን ከግል ትምህርት ቤት ጋር ሲያምታቱት ይታያል። ቻርተር በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ፣ ክፍያ የማይጠየቅበት የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው፤ የሚያስተዳድረው ግን ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። ድርጅቱ ነጻነቱን የሚያገኘው በውል ነው። ውሉ ለ15 ዓመት ይጸናል፤ ቢያንስ በየ5 ዓመቱም ይገመገማል። ገምጋሚው የዲሲ የሕዝብ ቻርተር ትምህርት ቤቶች ቦርድ ነው።

ብዙዎች የሚስቱት ቀጥሎ ያለውን ነው። ትምህርት ቤቱ ሕግ ከጣሰ ወይም በውሉ የገባውን የተማሪዎች ውጤት ካላሳካ፣ ቦርዱ ፈቃዱን ሊሰርዝ ይችላል፤ አይገደድም። በገንዘብ ጉዳይ ግን ምርጫ የለውም። ተደጋጋሚ የገንዘብ አያያዝ ጉድለት ከተረጋገጠ ወይም ትምህርት ቤቱ በገንዘብ ራሱን ችሎ መቆም ካቃተው፣ ሕጉ ፈቃዱ እንዲሰረዝ ያዛል። ስለዚህ የፈተና ውጤት ብቻ አይቶ ልጅን ማስመዝገብ በቂ አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ኢግል አካዳሚ የተባለው የዲሲ ቻርተር ትምህርት ቤት በገንዘብ ችግር የተዘጋው ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር። ወላጆች በዚያች አጭር ጊዜ ሌላ ትምህርት ቤት መፈለግ ነበረባቸው፤ ይህ በማንም ቤተሰብ ላይ ሊደርስ አይገባም።

የቦርዱ የግምገማ ሪፖርቶች ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ የትምህርት ቤቶቹን የገንዘብ ይዞታ የሚያሳዩ ሰነዶችም አሉ። በቦርዱ ስብሰባዎች ላይ ወላጅ ተመዝግቦ መናገር ይችላል። የልጅዎ ትምህርት ቤት የሚቀጥለው ግምገማ መቼ እንደሆነ ርእሰ መምህሩን ይጠይቁ።