«ሲንግል ሃንድድ» ማለት በአንድ እጅ ማለት አይደለም

«ሲንግል ሃንድድ» (single-handed) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ እጅ ማለት ነው ወይስ ብቻውን እያልን ደጋግሞ ስላከራከረን ላብራራው። እንግሊዝኛው «ሲንግል ሃንድድ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ስለ እጅ አያወራም። ብቻውን፣ ያለ ረዳት ማለቱ ነው። በባሕረኞች ቋንቋ «ሃንድ» መርከበኛም ማለት ነው።

ጆሹዋ ስሎከም ከ1895 እስከ 1898 እ.ኤ.አ. ዓለምን በጀልባ ብቻውን ዞረ። በየወደቡ ግን ያርፍ ነበር። ሮቢን ኖክስ ጆንስተን ደግሞ በ1969 እ.ኤ.አ. ብቻውን፣ የትም ሳያርፍ ዞሮ ጨረሰ። ሁለቱም ጉዞዎች ሲንግል ሃንድድ ናቸው። ቃሉ ብቸኝነትን እንጂ አለማረፍን አይነግረንም፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

በዕለት ተዕለት ንግግር ግን ጠበቅም ላላም ይላል። «ልጆቿን ሲንግል ሃንድድ አሳደገች» ቢባል፣ ጎረቤት አልፎ አልፎ አግዟት ሊሆን ይችላል። ስትተረጉሙ «ብቻዋን» በሉ፤ «በአንድ እጇ» ካላችሁ ሌላ ታሪክ ይሆናል።