ጅቡን የማያውቀው ማን ነው?

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ገዢ የብርድ ልብስ ዋጋ ባለማወቁ እጥፍ ከፍሎ ወጣ። የጎረቤቱ ሱቅ ነጋዴ ከኋላው እየሳቀ «አቦ፣ ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ!» ብሎ ተረተበት።

ምን አገናኘው? ሰውየው ዋጋ አላወቀም እንጂ ማንንም አንጥፉልኝ አላለ!

የነጋዴው ጥፋት ያለው «የማያውቁት» ላይ ነው። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ሲባል የማይታወቀው አገሩ ነው። በዚህኛው ተረት ግን የማይታወቀው ጅቡ ነው፤ አገሬው ማንነቱን አያውቅም። ቃሉ ያው፣ ፍቺው ግን ተገልብጧል። የሥነ ፍቺ ሰዎች አሻሚነት የሚሉት ይህን ነው፤ የሚፈታውም ዐውዱ ነው። ዐውዱ ደግሞ እዚህ ቁርበቱ ነው።

ስፖንጅ ላይ ያደገ ሰው ቁርበትን «ቆዳ» ብሎ ያልፈዋል። በገጠር ቆዳ የወል ስም ብቻ ነው። የፍየሉ ሌጦ አለ፤ ከነጸጉሩ የለፋው የበግ አጎዛ አለ፤ እህል የሚያዝበት ስልቻ አለ፤ ለፍቶ የለሰለሰ ጀንዲ አለ። ቁርበት ከነዚህ ሁሉ ሻካራው ነው። ልጆች ሆነን ጨርጨር አያቴ ዘንድ ስንከርም፣ በሬ ሲታረድ ቆዳው መሬት ላይ በችካል ተወጥሮ ፀሐይ ይመታዋል፤ ደርቆ ሲነሳ እንደ ከበሮ ይጮኻል። የምንተኛው እሱ ላይ ነበር። ሌሊት አንዳችን ስንገላበጥ ሁላችንም እንነቃለን። እንግዳ ሲመጣ አያቴ ከደጅ አየት አድርጋ «ጀንዲውን አውርዱላቸው» ትላለች፤ አንዳንዴም ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለሱስ ቁርበቱ ይበቃዋል»። እንግዳው ራሱ «አንጥፉልኝ» ሲል ግን ሰምቼ አላውቅም። ማንጠፍ የባለቤት ሥልጣን ነው፤ የሚነጠፈውም የማን ልጅ እንደሆነ ታውቆ ነው። ጁገል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ሐረር ውስጥ፣ በሐረሪ ቤትም ነደባው፣ ማለትም የመቀመጫው መደብ፣ ደረጃ በደረጃ የተሠራ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው፤ ዘው ብሎ የላይኛው ላይ የሚወጣ የለም።

ጅብ ደግሞ ቁርበት አይተኛበትም፣ ይበላዋል። የተከበረ እንግዳ መስሎ የጠየቀው እራቱን ነው! የሚያውቁት ቢሆኑ ኖሮ ገና ከደጅ በዱላ ይመልሱት ነበር።

ለዚህ ነው ተረቱ ሐረር ሊወለድ አይችልም የምለው። ጅብ እማሬያዊ (ቀጥተኛ) ፍቺው የትም አንድ አውሬ ነው፤ ፍካሬያዊው (ምሳሌያዊው) ግን አገር ይለያል። በደጋው ጅብ ሲባል ሆዳምነትና ሞኝነት ይመጣል። ሐረር ላይ ግን ጅቡ፣ በሐረሪኛ ወራባ፣ በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ ይወጣል፣ ከሰው እጅ ሥጋ ይበላል፣ በአሹራ በዓል ገንፎ ይቀርብለታል። እሱን የማያውቅ ሐረር ውስጥ ማን አለ? በኔ ግምት ተረቱ በ1879 ምኒልክ ሐረርን ከያዙበት ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ከደጋው ጦር ጋር ገባ፤ ስለቱን ያገኘው ግን እዚህ ነው። የትውልድ ሐረጉን የሚመሰክርበት ጎረቤት ሸዋ ቀርቶበታልና፣ ትናንት ስንቅ ሲሸከም የመጣ ሁሉ የባላባት ልጅ ነኝ ለማለት ይመቸው ነበር። ይህን ግምቴን በቀላሉ አልለቅም።

አሁን አሁን ተረቱን ከሌላ ቦታ በመጣ ሰው ሁሉ ላይ መወርወር ተለምዷል። በተለይ የድሬ ልጅ እንዲህ ሲል ይገርመኛል። ድሬዳዋ ባቡሩ በ1895 ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ በመጤ ላይ የሚተርት በገዛ አያቱ ላይ እየተረተ ነው። ዋጋ ያላወቀን ሰው «ተሸወድክ» ማለት ይበቃል። ጅቡን ግን ለባለቤቱ ተዉለት፦ ሰፈሩ ጠንቅቆ የሚያውቀው ሰው ከተማ ቀይሮ፣ ያልተማረውን «ዶክተር» ካርድ ላይ አሳትሞ፣ ሠርግ ቤት የፊት ወንበር ልቀቁልኝ ሲል።