የቡድን ሥራ ማለት አንዱ ይሥራ፣ ሌላው ይገልብጥ ማለት አይደለም

የወላጆች ግሩፓችን ላይ ይኸው ጥያቄ ለስንተኛ ጊዜ መጣ፦ «ልጄ ሒሳብ በቡድን ሲሠራ ምን ይማራል? አንዷ ትሠራለች፣ የቀሩት ይገለብጣሉ።» ያጋጥማል። በአንድ ለአምስት የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ግን እሱ አብሮ መቀመጥ እንጂ አብሮ መማር አይደለም።

1/2 ሲደመር 1/3 እንበል። አንዱ ላይና ታቹን ደምሮ 2/5 አለ። ጓደኛው፣ «ቆይ፣ 2/5 እኮ ከግማሽ ያንሳል። ግማሽ ላይ ጨምረን እንዴት አነሰ?» አለው። ትምህርቷ ይህቺ ጥያቄ ናት። ተከራክረው 3/6 እና 2/6፣ ድምሩ 5/6 ላይ ይደርሳሉ። የጠየቀውም ሲያስረዳ ይበልጥ ይገባዋል።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ስላቪን ደጋግሞ እንዳሳየው፣ ቡድን የሚጠቅመው የጋራ ግብ ሲኖርና እያንዳንዱ ልጅም ለብቻው ሲመዘን ነው። ፈተናውን ሁሉም ለየብቻ ይወስዳል፤ ቡድኑ የሚመሰገነው ግን እያንዳንዱ ከበፊቱ ባሻሻለው ልክ ነው። ያኔ ማስገልበጥ ለማንም አይጠቅምም።

የቡድኑ ብዛትና አመዳደብ እንደ ክፍሉ ይለያያል። እኔ ሦስት አራት ልጅ ይበቃል ባይ ነኝ፤ ስድስት ከሆኑ አንዱ መተኛቱ አይቀርም።