«ሴማዊ» ማለት የሴም ልጅ ማለት ነው?

አማርኛ ሴማዊ ቋንቋ ነው ሲባል ብዙ ሰው «እንግዲያው እኛ የሴም ዘሮች ነን» ብሎ ይደመድማል። ያሳሳተው ስሙ ነው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1781 ለቋንቋዎች መጠሪያ ያደረገው ጀርመናዊው የታሪክ ሊቅ ሽሎዘር ሲሆን፣ የተዋሰውም ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 10 ነው። ምዕራፉ ግን ሕዝቦችን ይዘረዝራል እንጂ ሰዋስው አያመሳክርም። ከነዓንን ከካም ልጆች ይቆጥራል፤ የከነዓናውያን ቋንቋ ግን የዕብራይስጥ የቅርብ ዘመድ ነው። ኤላምን ለሴም ይሰጣል፤ ኤላምኛ ደግሞ ከሴማዊ ቋንቋዎች ወገን አይደለም።

የቋንቋ ሊቃውንት የሚያነጻጽሩት ድምፅን፣ ሰዋስውንና የቃላትን ሥር ነው። የእኛ «ቤት» በዕብራይስጥ «ባይት»፣ በዓረብኛ «በይት» ይባላል። «ስም» በዕብራይስጥ «ሼም» ነው፤ የኖኅ ልጅ ሴምም በዚያው ቋንቋ የሚጠራው «ሼም» ተብሎ ነው። ስሙ «ስም» የሆነ ሰው መሆኑ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል።

የትውልድን ጉዳይ የሚመረምረው የዘረመል ሳይንስ ነው። ቋንቋ በደም አይወረስም፣ በጆሮ እንጂ። የአገውኛ ተናጋሪ የልጅ ልጅ በአማርኛ አፉን ቢፈታ፣ ኩሻዊ የነበረው የቤተሰቡ ቋንቋ ሴማዊ ሆነ እንጂ የዘር ሐረጉ አልተለወጠም።